«እንኳን ማረሽ» እያሉ ያለቀሱበት ቀን

ሳል ሲጀምረኝ ሐኪም ቤት ሂጂ ያለኝ ሰው አልነበረም። ያየኝ ሁሉ «ሐዘን ነው» ይለኝ ነበር። ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ ሱቃችን ሳሙናና ክብሪት ሊገዛ የሚመጣው ደንበኛ ሳይቀር ፊቴን ያይና ከንፈሩን መጥጦ «አይዞሽ፣ ሐዘን ነው፣ ሲቆይ ይለቅሻል» ብሎኝ ይሄዳል። እኔም አመንኩ። ውስጡ የተጎዳ ሰው ቢስል፣ ቢከሳ፣ በላብ ተነክሮ ቢነቃ ምን ይገርማል ብዬ ተቀመጥኩ። ይህን ታሪክ ለመናገር ያስነሳኝ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሐዘን የገባበት ቤት ሁሉ ነገር በሐዘን ይሳበባል፤ በሽታም ከሐዘኑ ጀርባ ተደብቆ ሥራውን ይሠራል።

ሐዘኑ አልነበረም አልልም። ቤተሰባችን ከወሎ መጥቶ ጉለሌ የሰፈረ ሙስሊም ነው። አባቴ አዲሱ ገበያ አነስተኛ ሱቅ ነበረው፤ እኔም ትምህርቴን ጨርሼ እዚያው እሸጥ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ጀማል ዊንጌት አካባቢ ይማራል። ረጅም ነው፤ ሲስቅ ድምፁ አይሰማም፣ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ቀይ ሽብር የተባለው ዘመን ነበር። አንድ ጠዋት የስኳር ጆንያ ከጋሪ ላይ እያወረደልን ሳለ አብዮት ጥበቃዎች መጡና «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» አሉት። ጆንያውን በቀስታ መሬት ላይ አሳርፎ፣ እጁን በሱሪው ጠርጎ አብሯቸው ሄደ። «መጣሁ» ነበር ያለን።

እናቴ በማግስቱ ስንቅ መቋጠር ጀመረች። ጠዋት የሞላውን ሳህን ታስገባለች፤ የትናንቱን ባዶ ይሰጧታል። ባዶ ሳህን ማለት በልቷል ማለት ነው፤ በልቷል ማለት ደግሞ አለ ማለት ነው። ሳህኑን ሳታጥበው ቤት ድረስ አምጥታ «ይኸው፣ ጠርጎ ነው የበላው» እያለች ታሳየን ነበር። አንድ ቀን ግን በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ እጁን ሳይዘረጋላት «ከእንግዲህ አታምጪ። ተዛውሯል» አላት። ወዴት ብትለው ፊቱን አዞረ።

በዚያ ዘመን «ስንቅ አታምጡ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። እናቴ ግን «ተዛውሯል» የምትለዋን ቃል ብቻ ይዛ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ሥራዋ ሳህን አንጠልጥሎ ከአንዱ እስር ቤት ወደ ሌላው መዞር ሆነ። አባቴ «ከድጃ፣ ተይ፣ እግርሽን ጨረስሽው» ቢላት አኮረፈችው። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ የማይነጋገሩ ባልና ሚስት ሆኑ።

እናቴ ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ተረትና ምሳሌ አፏ ላይ ነበር፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የሞቱን ታውቅበታለች። ለቅሶ ቤት ስትገባ ሴቶቹ ተጠጋግተው ቦታ ይለቁላታል፤ የምትጥላት አንዲት ቃል የሟችን ቤተሰብ ታሳርፋለችና። ደግ ሰው ሲሞት «ሞት አይቀርም፣ ስም አይቀበርም» ትላለች። ሲያካብት የኖረ ባለጸጋ ሲሞት ደግሞ «ኖሮ ኖሮ ከመሬት፣ ዞሮ ዞሮ ከቤት» ብላ አፈሩን ታያለች። ተሰቃይቶ ለሞተ ራሷን እየነቀነቀች «ከሞቱ አሟሟቱ» ትላለች። እኔና ጀማል ልጆች ሳለን ነጠላ አጣፍተን እሷን እያስመሰልን እንጫወት ነበር፤ ጀማል ሬሳ ይሆናል፣ እኔ እማዬን። ሳቁ እያመለጠው ሬሳነቱን ያበላሽብኛል።

ጀማል ከተወሰደ በኋላ ቤታችን ውስጥ ሞት መጥራት ተከለከለ። አንዲት ጎረቤታችን ልታጽናናት ብላ «ምን ይደረግ፣ የሞተ ተጎዳ...» ብላ ስትጀምር እናቴ ከተቀመጠችበት ተነስታ በሩን ከፈተችላት። የቀረላት አንድ ተረት ብቻ ነበር። «ማን ያውራ የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» ትላለች። ወሬን ያየ ይናገር፣ መርዶን የቀበረ ያርዳ ማለት ነው። እሷ ግን ገልብጣ ያዘችው። «የቀበረው ማን አለ? አየሁ የሚልስ? ማንም የለ። እንግዲያው ልጄ አለ።» አባቴ ይህን ሲሰማ ጫማውን አጥልቆ ወደ ሱቅ ይወጣል።  እኔ እዚያው ተቀምጬ እስል ነበር።

ሳሉ እየባሰ ሲሄድ መጀመሪያ ምች ነው ተባልኩ፤ ዳማከሴ ተጨምቆልኝ ጠጣሁ። የሰፈራችን ሼኽ መጥተው ዱዓ አደረጉልኝ። ቀጥሎ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። በአግዳሚው ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ ከያዘች ሴትና ልጁን ታቅፎ ከሚያንቀላፋ አባት መሀል ተቀምጬ ወረፋዬ እስኪደርስ ከሰዓት ሆነ። ጤና ረዳቱ ቀና ብሎ ሳያየኝ የሳል ሽሮፕ ጻፈልኝ። ሽሮፑ ሲያልቅ ሌላ ቦታ ሄድኩ፤ ብርድ መትቶሻል ተብዬ መርፌ ተወጋሁ። ለጥቂት ቀን የተሻለኝ መሰለኝና ደግሞ ወደቅኩ። ሌላው ደግሞ ደም አንሶሻል አለኝ። የሄድኩበት ሁሉ «ሐዘን አለባት» ብሎ አብሮኝ የሄደ ዘመድ ስለሚናገር መርማሪው ራሱን ይነቀንቅና ብዕሩን ያነሳል። አክታሽ ይታይ ያለኝ አንድ ሰው አልነበረም። ቀሚሴ ወገቤ ላይ አልቆም አለ። እኔን ለልጃቸው ለማጨት ሽማግሌ የላኩት ሰዎች ቀስ ብለው ቀሩ፤ መቅረታቸውንም የነገረን የለም፤ በሱቃችን በር ማለፍ ሲያቆሙ ገባን።

አንድ ቀን ለደንበኛ ዘይት እየለካሁ ሳለ ሳሉ ያዘኝ። አፌን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩና ሳየው ቀይ ነው። ደንበኛዋ ዘይቷን ሳትቀበል ወደኋላ አለች። አባቴ ደሙን አየ፣ እኔንም አየ። የገበያ ቀን ነበር፤ እሱ ደግሞ ሱቁን በገበያ ቀን ዘግቶ አያውቅም። መዝጊያዎቹን አንድ በአንድ ገጠመና «ተነሺ ልጄ፣ ቦርሳሽን ያዢ» አለኝ።

ያን ቀን የሄድንበት ሐኪም ወጣት ነበር። ራጅ አስነሳኝና ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንስቶ ለአባቴ አሳየው። በግራ በኩል አንድ ክብ ጥላ ነበር። «ይህ ቀዳዳ ነው» አለ። «የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ቲቢ የሚሉት። በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ መድኃኒት አለው፣ ግን ዘግይታችኋል።»

አባቴ «ሐዘን ነው ብለውን ነው ልጄ» አለው።

ሐኪሙ ፊልሙን አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሐዘን ሰው ያከሳል አባቴ። ሳንባ ግን አይበሳም» አለ።

የሳንባ ሕሙማን የሚተኙበት ሆስፒታል ገባሁ። ግቢው ባሕር ዛፍ የከበበው፣ ነፋስ የማይለየው ነው። በየቀኑ መርፌ፣ በየቀኑ ክኒን። መርፌው ሳንባዬን ሲያክም ጆሮዬን ጎዳው፤ መጀመሪያ ፉጨት ሆኖ ጀመረኝ፣ ኋላ ግራው ጆሮዬ ጨርሶ ዘጋ። እስከ ዛሬም አልተመለሰልኝም። ዓለም ሁሉ በቀኝ በኩል የሚያወራኝ ሰው ሆኜ ቀረሁ። መብራት ሲጠፋ ከሁሉ የምፈራው ሳሉን ሳይሆን የሳሉን መቆም ነበር፤ ከክፍሉ ውስጥ ስትስል ያመሸች ሴት ድንገት ዝም ካለች ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን እናዳምጣለን።

አልጋቸው ከአልጋዬ አጠገብ የነበረው እትዬ ድንቄ የቀጨኔ ሴት ነበሩ፤ ሸክላ ሠሪ። ጣቶቻቸው እንደ ሥር የጠነከሩ፣ አፋቸው የማያርፍ። ሞትን እንደ ጎረቤት ነበር የሚያወሩት። የመጀመሪያ ቀን ስገባ ወደ ግድግዳው ዞሬ ሳለቅስ ሰሙኝና «ስሚ፣ እዚህ ለቅሶ በወረፋ ነው፤ ዛሬ የእኔ ተራ ነው» አሉኝ። ሳላስበው ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁና ሳሉ ያዛቸው።

«አይፈሩም እንዴ?» አልኳቸው በኋላ።

«ምኑን? አፈሩን? ልጅ ሆኜ ጀምሬ ስረግጠውና ሳቦካው የኖርኩት እሱን አይደል። ባልንጀራዬ ነው። ኖሮ ኖሮ ከመሬት ብለው ሲተርቱ እኔ ማልጄ ነው የገባሁበት።» ከዚያ ቀለል አድርገው «ደግሞም በቀጨኔው መድኃኔዓለም፣ ገና ነኝ። አልሞት ባይ ተጋዳይ አሉ» አሉኝ።

እናቴ ቤት ውስጥ የከለከለችውን ተረት ሁሉ እዚያ ሰማሁት። መጀመሪያ ለጆሮዬ ይከብደኝ ነበር። ሲቆይ ግን ደረቴን የሚያቀልልኝ ነገር ሆነ። ሞት ስሙ ሲጠራ ያንሳል፤ ሳይጠራ ሲቀር ነው ቤቱን የሚሞላው።

እናቴ በጉብኝት ሰዓት አትቀርም። ዘመድ ሁሉ ከበር ቆሞ በእጁ ሰላም ሲለኝ እሷ አልጋዬ ላይ ትቀመጣለች። ነርሷ «እማማ፣ ራቅ ይበሉ፣ በትንፋሽ ይተላለፋል» ስትላት «የልጄ ትንፋሽ ምን ያደርገኛል» ትላለች። ሁልጊዜ ሁለት ሳህን ነው የምትይዘው፤ አንዱ የእኔ። ሌላውን ከነቋጠሮው ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ከእኔ ዘንድ ስትወጣ ወደምትሄድበት የእስር ቤት በር የሚሄድ ነው። እትዬ ድንቄ አንድ ቀን ስለዚያ ሳህን ጠየቁኝና ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ እናቴ በመጣች ቁጥር ተረታቸውን ያቆሙ ነበር።

የወንዶችና የሴቶች መርፌ የሚሰጠው በአንድ ኮሪደር ነው። አንድ ጠዋት ነርሷ «ዘሃራ ይመር!» ብላ ስትጠራኝ ከወንዶቹ አግዳሚ አጥንቱ ብቻ የቀረ አንድ ወጣት ቀና ብሎ አየኝ። ተወግቼ ፀሐይ ልሞቅ ወደ ግቢው ስወጣ ተከተለኝ። ራቅ ብሎ ቆመ።

«ይቅርታ እህቴ... ጀማል ይመር የሚባል ታውቂያለሽ?»

«ወንድሜ ነው!» አልኩት። «የት አየኸው? የት ነው ያለው?»

ፊቱ ተለወጠ። መርዶውን የሰማሁ መስሎት ነበር የጠየቀኝ።

«አብረን ነበርን» አለ።

«ነበርን?»

መሬት መሬቱን እያየ «ነበርን» አለኝ።

አጠገቤ ያለው ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። እሱም ተቀመጠ። ስሙ ግርማ ነው፤ የጉለሌ ልጅ፣ ጴንጤ። ቤት ዘግተው ሲጸልዩ ተይዞ ከጀማል ጋር አንድ ክፍል ታስሮ ኖሯል። ሳንባው ሲበላሽ ነው የለቀቁት። እንዴት ሞተ አልኩት። በእኛ ዘንድ ሞት የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው፤ ከሞቱ አሟሟቱ ነውና የሚያንገበግበው።

«ተስቦ ገባብን» አለኝ። «ሰው በሰው ላይ ነው የምንተኛው። ጀማል የታመሙትን ሲያገላብጥ፣ ውሃ ሲያጠጣ ነበር። ከዚያ እሱን ያዘው። አልገረፉትም፤ ለምርመራ ስሙ ሳይጠራ ነው ትኩሳቱ የቀደማቸው። ሲያልፍ ራሱ ጭኔ ላይ ነበር። ብቻውን አልነበረም እህቴ። ይኼን እንድታውቂ ነው።»

«ከዚያስ?»

«አንድ ሽማግሌ ሙስሊም አብረውን ነበሩ። እጃቸው ተሰብሮ ነበርና 'እኔ ልንገርህ፣ አንተ እጠበው' አሉኝ። ለመጠጥ ከሚሰጠን ውሃ ሁሉም ሰው ትንሽ ትንሽ አዋጣ። በጣም ጠምቶት የነበረ ሰው ሳይቀር። እሳቸው እያሉኝ አጠብኩት። ቂብላው፣ የመካው አቅጣጫ፣ ወዴት እንደሆነ መስኮት ስለሌለን አናውቅም፤ ሽማግሌው በግምት 'በዚህ በኩል አድርጉት' አሉን፤ አዞርነው። ጠዋት ወሰዱት። የት እንደቀበሩት አላውቅም።»

ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም። አልጋዬ ላይ ራሴን አገኘሁት። በዚያው ከሰዓት እናቴ እየሳቀች መጣች። ሰው ነግሯታል፤ ከከተማ ወጣ ብሎ አንድ እስር ቤት አለ፣ የተዛወሩት እዚያ ናቸው ብሏታል። «ነገ እሄዳለሁ፤ ምናልባት የዚህ ሳምንት ስንቅ ይቀበሉኝ ይሆናል» አለችኝና ሁለተኛውን ሳህን እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ አመቻቸችው።  የማውቀውን አልነገርኳትም። ስትወጣ የነጠላዋን ጫፍ እያየሁ ሸኘኋት።

ምግብ መብላት አቆምኩ። ክኒኑንም አልፈለግሁም። ሌላውን ውሃ ሲያጠጣ የሞተ ወንድሜን እያሰብኩ ብርጭቆውን ማንሳት አቃተኝ። ነርሷ ትቆጣለች፤ እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ። እትዬ ድንቄ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ግድግዳውን ተደግፈው አልጋዬ ድረስ መጡ። ያን ጊዜ ሁለት እርምጃ መራመድ ለእሳቸው ዳገት ነበር።

«ምን ሰማሽ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ስጨርስ ፊታቸውን አማተቡ።

«ለእናትሽ ማን ይነግራታል?»

«ማን አለ? የነበረው ሰው የነገረው ለእኔ ነው።»

«እንግዲያው አንቺ መሞት አትችይም» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ የለመድኩትን ቀልድ አላገኘሁትም። «መርዶ ይዘሽ ብትቀሪ ያቺ ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ሳህን ይዛ ትዞራለች። አሁንም አትንገሪያት፤ እንደዚህ ሆነሽ ብትነግሪያት ልጇን የምታጣ ሳይሆን ልጆቿን የምታጣ ነው የሚመስላት። ቆመሽ ነው ማርዳት ያለብሽ። ከመሞት መሰንበት ያሉት ለሆዳችን ብለው እንዳይመስልሽ። የሚሰነብት ሰው ሥራ አለበት።»

እና ዳንኩ። ሌላ ሰው ለመዳን ምክንያት ሲሆነው ልጁ ወይም ትዳሩ ይሆናል፤ እኔ የእናቴን ልብ ለመስበር ነው የዳንኩት። እያንዳንዷን ጉርሻ ለዚያ ቀን ዋጥኳት። ግርማ በየጠዋቱ ከመርፌው በኋላ ይጠይቀኝ ነበር፤ «ዛሬስ በላሽ?» ይላል። ስለ ጀማል ትንሽ ትንሽ ይነግረኛል። ሌሎቹን ለማሳቅ የጥበቃዎቹን አረማመድ ያስመስል እንደነበር፣ ድምፅ ሳያሰማ ይስቅ እንደነበር። ያቺን ስሰማ በእርግጥ እሱ መሆኑን አወቅሁ።

እትዬ ድንቄ አልዳኑም። መድኃኒቱ እኔን ይዞ ሲነሳ እሳቸውን አልያዛቸውም። አንድ ከሰዓት ቀጨኔ ያሉት ዘመዶቻቸው ሊጠይቋቸው መጥተው፣ ገና ሰላም እያሏቸው ሳለ ዝም አሉ። ሴቶቹ ጮኹ። እኔም ጮህኩ። ደረቴ እስኪሰነጠቅ ድረስ፣ ሐኪሙ አታልቅሺ ያለኝን ረስቼ፣ ከጀማል ጊዜ ጀምሮ በውስጤ የቆየውን ሁሉ እዚያ አወጣሁት። ዘመዶቻቸው ይህቺ ሙስሊም ልጅ ምን ያህል ብትወዳቸው ነው ብለው አቀፉኝ። መውደዱንስ ወድጃቸዋለሁ። ግን ግማሹ እንባ የሌላ ሰው ነበር፤ ማንም የማን እንደሆነ አልጠየቀኝም። በጥይት ወይም በእስር ለሞተ ማልቀስ በተከለከለበት ከተማ፣ በበሽታ ለሞተች ሴት የፈለጉትን ያህል መጮኽ ይቻል ነበር። ያ ነገር በልቤ ቀረ።

ከሆስፒታል ስወጣ ሐኪሙ አክታዬ ንጹሕ መሆኑን ነገረኝ። ክኒኑን ግን ከዓመት በላይ እንድቀጥል አዘዘኝ፤ ተሻለኝ ብለው የሚያቆሙ ሰዎች ተመልሰው ሲመጡ አይቻለሁና ቃሉን ጠበቅሁ። እናንተም ጠብቁ።

መጀመሪያ የነገርኩት ለአባቴ ነው። ሱቅ ውስጥ ሳሙና እየደረደረ ነበር። ስነግረው እጁ አልቆመም፤ ረድፉን ጨረሰ። ከዚያ ባንኮኒው ላይ በሁለት እጁ ተደገፈ።

«ስንቁን የመለሱባት ዕለት አውቄዋለሁ» አለ። «ግን ማን አይቶ? ምን ብዬ ልንገራት? 'የት ቀበርከው' ብትለኝ ምን እላለሁ?»

«ያጠበው ሰው አለ አባዬ።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው።

መርዶ ለብቻው ለሆነ ሰው አይነገርም፤ ዘመድ ይዞ፣ ሰብሰብ ብሎ ነው። ለቅሶ ብለን ሰው ብንጠራ ግን ቀበሌው «ፀረ አብዮተኛ አለቀሳችሁ» ብሎ አባቴን ሊወስድብን ይችላል። «ለእኔ እንዲመጡ አድርግ» አልኩት። «ከሆስፒታል ወጥታለችና እንኳን ማረሽ በሏት በል።» እንዲያ አደረገ። ጎረቤቶቻችን ነገሩ ሳይነገራቸው የገባቸው ነበሩ፤ ማንም ምንም አልጠየቀም።

ሰዓት እላፊው እንዳበቃ አጎቴ፣ ሁለት አሮጊት ዘመዶቻችንና ግርማ ቤታችን ደረሱ። እናቴ ሻሿን አስራ ሳህኑን ልትቋጥር ነበር። በማለዳ የመጣውን ሰው ስታይ እጇ ቋጠሮው ላይ ቀረ። አባቴ ስሟን ጠርቶ ወደ እኔ ዞረ። ስለዚህ እኔ ነገርኳት። ቆሜ።

አልጮኸችም። እጇን ከቋጠሮው ላይ አነሳች። ከዚያ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ማን አጠበው?»

ግርማ ከሰዎቹ መሀል ወጣ። «እኔ ነኝ እማማ» አለ። «ክርስቲያን ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ። አንድ ትልቅ ሰው እያዘዙኝ ነው።»

ሁለት እጆቹን ያዘቻቸው። ገለበጠቻቸው፣ መዳፎቹን አየች፣ ፊቷን ቀበረችባቸው። ያን ጊዜ ድምፅ ከውስጧ ተነሳ። አጎቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገ፤ እሷም ነክሳ ያዘችው። ልጇን ያለቀሰችው ጨርቅ ነክሳ ነው።

ሰዉ መምጣት ጀመረ። እኔ ፍራሽ ላይ ትራስ ተደግፌ ተቀምጫለሁ፤ አባቴና አጎቴ ጓዳ ገብተው አስከሬን በሌለበት ለሟች የሚሰገደውን የጀናዛ ሶላት ሰገዱለት። ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደ እኔ ይመጣሉ፤ አንገቴን ያቅፋሉ፤ «እንኳን ማረሽ፣ እንኳን አላህ ማረሽ» ይሉና ትከሻዬ ላይ ይንሰቀሰቃሉ። አንዷ «እንኳን ማረሽ የኔ ረጅም» አለችኝ፤ እኔ ረጅም አይደለሁም። ሌላዋ «ልጅነትህን...» ብላ ጀምራ «ልጅነትሽን» ብላ አረመችው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ የግርማ እናትም መጥታ፣ ሁሉም በእኔ መዳን ስም ጀማልን አለቀሰው።

ወደ ቀትር ላይ የቀበሌ ጥበቃ በሩ ላይ ቆመ። ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነው።

«ምን ተሰብስባችሁ ነው?»

«ልጄ ከሆስፒታል ወጥታ ነው» አለው አባቴ።

ጥበቃው የሴቶቹን ዓይን ዞር ዞር ብሎ አየ። «ታዲያ ምን ያስለቅሳል?»

አንዲት የሰፈራችን አሮጊት ከተቀመጡበት ሳይነሱ «በእኛ አገር ለዳነም ይለቀሳል ልጄ» አሉት።

ወደ እኔ አየ። ጉንጬ የገባ፣ አንገቴ የቀጠነ ነበርኩ፤ ለአባቴ ቃል ማስረጃ እበቃለሁ። ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ጀማልንም ሳያውቀው አይቀርም። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ «እንኳን ማረሽ» አለኝና ሄደ። ማንን ማለቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሰዉ ለምሽቱ ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ወደየቤቱ ተበታተነ። ቤቱ ባዶ ሲሆን እናቴ ከተቀመጠችበት ጥግ ተነስታ ፍራሼ ላይ ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ አልነካችኝም ነበር። ዓይኗ አብጦ አይታይም። በግራ በኩል ሆና የሆነ ነገር አለችኝ፤ አልሰማሁም። ቀኝ ጆሮዬን አዞርኩላት።

ፀጉሬን ወደኋላ አድርጋ «ሁሉም ቀኑን ሙሉ የሚሉት ለእሱ ነበር» አለችኝ። «እኔ ለአንቺ ነው። እንኳን ማረሽ፣ ልጄ።»

ከዚያ አቅፋኝ ተኛች፤ እኔም እስኪነጋ ድረስ ትንፋሿን ስሰማ አደርኩ።